ባሕር በሌለበት ለባሕር ሥራ ማሠልጠን፦ በአቃቂ የተካሄደ የአንድ ዙር የነፋስ ተርባይን ጥገና ሥልጠና የጉዳይ ጥናት

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መግቢያ ላይ ዘጠኝ ወጣቶች በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ወደሚገኘው አነስተኛ የጥገናና የሥልጠና ወርክሾፓችን መጡ። ሁለቱ ሴቶች፣ ሰባቱ ወንዶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው በላስቲክ የተለበጠ የምስክር ወረቀት ይዘዋል፤ ወረቀቱም ባለቤቱ “በባሕር ላይ የተተከሉ የነፋስ ተርባይኖች ጥገና ባለሙያ” መሆኑን ይመሰክራል። ወረቀቱን የሰጣቸው የውጭ አገር ሥራ አገናኝ ነኝ ያለ ሰው ሲሆን፣ ለሁለት ሳምንት የክፍል ትምህርት ያስከፈላቸው ገንዘብ ከመካከላቸው ሦስቱን የዕቁብ ዕጣ እንዲገዙ፣ አንዷን ደግሞ የእናቷን የወርቅ ሐብል እንድትሸጥ አድርጓል። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ “መምህር፣ ይህን ይዘን ብንሄድ ይቀበሉናል?”

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ያሳለፍናቸውን አሥር የሥልጠና ሳምንታት ይመለከታል። እኔ በየብስ ላይ ያሉ የነፋስ ተርባይኖችን ለዓመታት ጠግኛለሁ፤ የባሕሩን የደኅንነት ሥልጠናም በውጭ አገር አንድ ጊዜ ወስጃለሁ። ስለዚህ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚገኘው አቃቂ ተቀምጦ ለባሕር ሥራ ምን ያህሉን ማስተማር እንደሚቻል አውቃለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ግምቴ በከፊል ትክክል፣ በአንድ ዋና ነገር ግን ስሕተት ነበር፤ ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ስሕተት ነው።

የያዙት ወረቀት እንደማያገለግል ለማወቅ ብዙ ምርመራ አላስፈለገም። ዋና ዋናዎቹ የተርባይን አምራቾችና የማመንጫ ባለቤቶች ግሎባል ዊንድ ኦርጋናይዜሽን በሚባል ማኅበር ተሰባስበው የጋራ የሥልጠና መስፈርት አውጥተዋል። መሠረታዊው የደኅንነት ሥልጠና አምስት ክፍሎች አሉት፦ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ፣ ዕቃ የማንሣትና የመሸከም ሥርዓት፣ የእሳት አደጋ ግንዛቤ፣ በከፍታ ላይ መሥራት፣ እንዲሁም በባሕር ላይ ሕይወትን ማትረፍ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በየብስ ለሚሠራውም ያስፈልጋሉ፤ አምስተኛው ለባሕሩ ሠራተኛ የተጨመረ ነው። የምስክር ወረቀቱ ለ24 ወራት ያገለግልና በእድሳት ሥልጠና ይታደሳል፤ ሠልጣኙም የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠውና ውጤቱ ዊንዳ በሚባለው የማኅበሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አሠሪው በዚያ ቁጥር መዝገቡን ከፍቶ ያያል። በዘጠኙ ወረቀት ላይ ግን ምንም ቁጥር አልነበረም፤ በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ሃርነስ (በከፍታ ላይ ሰው እንዳይወድቅ የሚታጠቀው ቀበቶ) የታጠቀ ወይም መሰላል የወጣ አንድም ሠልጣኝ አልነበረም። ገንዘባቸውን ለማስመለስ ወደ ሰውየው ቢሮ ሲሄዱ ቢሮው ለሌላ ተከራይ ተላልፎ አገኙት።

ስለ ሥራው ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1991 በዴንማርክ፣ በቪንደቢ ሲተከል እያንዳንዳቸው 450 ኪሎዋት የሚያመነጩ 11 ተርባይኖች ነበሩት። ዛሬ ከእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ 130 ኪሎሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ዶገር ባንክ የሚተከሉት ተርባይኖች አንዱ ክንፍ ብቻውን 107 ሜትር ይረዝማል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች፣ በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች ያሏቸው ሲሆን የእያንዳንዱ ተርባይን አቅም 1.5 ሜጋዋት ነው። በመጠን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ እንጂ፣ ቴክኒሻኑ ከጀልባ ወደ ማማው ተሻግሮ መሰላሉን ከወጣ በኋላ የሚነካው ነገር ያው ነው፦ በልኩ መጥበቅ ያለበት ቦልት፣ ዘይቱ መመርመር ያለበት የሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ የሚቃጠል ኮንታክተር፣ የሚያረጅ ሴንሰር፣ ቅባት የሚፈልግ ኩሽኔታ። ባሕሩ የሚለየው በመድረሻው መንገድ፣ በጊዜው ጥበትና ከሌላ ሰው ርዳታ በመራቁ ነው።

ሠልጣኞቹ ባዶ እጃቸውን የመጡ አልነበሩም። አራቱ በኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ደረጃ አራት ጨርሰው ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያለፉ ናቸው፤ ሁለቱ በቃሊቲ ጋራዦች የሎደርና የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ይጠግናሉ፤ አንዱ የቴሌ ማማ ላይ አንቴና የሚሰቅል ነበር፤ አንዷ የአውቶሞቢል መካኒክ ናት፤ የቀረው ደግሞ አዳማ ሁለት ሲገነባ የኬብል ጉድጓድ የቆፈረ የቀን ሠራተኛ ነበር። በእጅ ሥራ ችሎታቸው ከጠበቅሁት በላይ ነበሩ። የጎደላቸው የሥራ ሥርዓት ነው፤ ይህም ከተለመደው የጋራዥና የኮንስትራክሽን አሠራር የመጣ እንጂ ከእነርሱ ስንፍና የመጣ አይደለም።

ለምሳሌ የሃይድሮሊክ ሠራተኞቹ አንድ ቱቦ የሚያፈስ ከሆነ መፍቻ አንሥተው መፍታት ይጀምራሉ። ሎደር ላይ ማሽኑ ጠፍቶ አካፋው መሬት ከነካ ብዙ ጊዜ ችግር አይገጥማቸውም። በብዙ ተርባይኖች ላይ ግን በናይትሮጅን ጋዝ ግፊት ዘይት የሚያጠራቅሙ አኩሙሌተሮች አሉ፤ ፓምፑ ከጠፋ በኋላም ግፊቱ እዚያው ይቀመጣል። የግፊት መለኪያው ዜሮ ማሳየቱ ሳይረጋገጥ መጋጠሚያ የፈታ ሰው ዘይቱ ቆዳውን በስቶ ሊገባ ይችላል፤ ከውጭ የሚታየው ቁስል ትንሽ ስለሚመስልም ሕክምናውን ያዘገያል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹም በቴስተር ነካ አድርጎ “የለም” ማለትን ለምደዋል። እኛ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ስሙ ያለበት የራሱን የጋን ቁልፍ (ጓጉንቸር) ሰጠን፤ ብሬከሩን ያወረደ ሁሉ ይቆልፋል፣ ቁልፉንም ኪሱ ይይዛል፣ ከዚያም የሚሠራ መሆኑ በተረጋገጠ መለኪያ ይለካል፣ ከለካም በኋላ መለኪያውን መልሶ ይፈትሻል። በሁለተኛው ሳምንት አንደኛው ሠልጣኝ ጓደኛው ምሳ ሄዶ ስለዘገየ ጋኑን በመቁረጫ ቆርጦ ቦርዱን ከፈተ። አልተጎዳም። የዚያን ዕለት ሥልጠናውን አቁመን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስለዚህ ብቻ ተነጋገርን፤ ጋኑን የቆረጠው ልጅ የጓደኛውን ፊት እያየ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ራሱ እንዲናገር አደረግን። ከዚያ በኋላ ጋን የነካ አልነበረም።

ከሁሉም ይልቅ ያስተማረን ግን የቦርሳው ልምምድ ነው። ቴክኒሻኖችን ወደ ተርባይኑ የሚወስደው አነስተኛ ጀልባ አፍንጫውን ከማማው መሠረት ጋር አስጠግቶ ሲገፋ ሠራተኛው ወደ መሰላሉ ይሻገራል፤ ማዕበሉ ወደ 1.5 ሜትር ከፍታ ሲደርስ በተለመደው አሠራር መሻገር ይቆማል። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው አየሩ በፈቀደው ጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው፤ አንድ ኦሪንግ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ተረስቶ ከቀረ ቀኑ ይቃጠላል፣ ነገ ደግሞ ባሕሩ ላይፈቅድ ይችላል፣ ተርባይኑም ነፋስ እየነፈሰ ቆሞ ይውላል። ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ጋራዥ ያደገ መካኒክ አሠራሩ ተቃራኒ ነው፦ መጀመሪያ ይፈታል፣ የተበላሸውን ያያል፣ ከዚያ አንድ ልጅ ብር ተሰጥቶት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይላካል። ዕቃው እስኪመጣ ሻይ ይጠጣል። ይህ በከተማ ውስጥ ከኑሮ ጋር የተስማማ አሠራር ስለሆነ አልነቅፈውም፤ በባሕር ላይ ግን የሚላክ ልጅ የለም።

በመሆኑም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲህ አደረግን። ማታ የሥራ ካርድ ይሰጣቸዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወርክሾፑ ውስጥ ቦርሳቸውን ያዘጋጃሉ፣ ይመዝናሉ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ፒክአፑ ሦስት ኪሎሜትር ርቆ ወደሚገኘው፣ ሥራ ባቆመ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ወዳለው 18 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ታንከር ማማ ያደርሳቸውና ይመለሳል። የማማው አናት ላይ አሮጌ ፓምፕ፣ የኤሌክትሪክ ቦርድና የቦልት ፍላንጅ ገጥመን ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ማንም አይወጣም፣ ምንም አይገባም። በመጀመሪያው ቀን የማጣሪያ ቅያሬ የተሰጣቸው ሦስት ሠልጣኞች ማጣሪያውን ይዘው ማሸጊያውን ረሱ። “መምህር፣ ባጃጅ ልላክ? አምስት ደቂቃ እኮ ናት” አለኝ አንዱ። ባጃጁ ከግቢው በር ላይ ቆሞ ይታየን ነበር። አልፈቀድኩም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጠው ዋሉ፤ አብሬያቸው ዋልሁ። ያ ቀን ከአሥር ንግግር በልጦ አገልግሏል። በስድስተኛው ሳምንት ሠልጣኞቹ የራሳቸውን የዝግጅት ዝርዝር በደብተር እየጻፉ አንዱ ሲያነብ ሌላው ዕቃውን እያነሣ ወደ ቦርሳ ይከት ነበር፤ የማሸጊያ ዓይነት ሁሉ በሁለት በሁለት ይይዙ ነበር፤ የመካኒኳ ሠልጣኝ ደግሞ ከመፍታቷ በፊት የሚፈታውን ክፍል በስልክ ያነሣችውን ፎቶ አይታ መለኪያውን ትገምት ነበር። ይህን ለማስተማር ባሕር አላስፈለገንም፤ ያስፈለገን የተዘጋ በርና ልባችንን የሚያጸና ትዕግሥት ነበር።

አሁን ወደ ስሕተቴ እመለሳለሁ። በሥልጠናው ዕቅድ ውስጥ ከማማ ላይ ሰው የማዳን ልምምድ የመደብኩለት ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ምክንያቴ የቀሩት ትምህርቶች መብዛታቸው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኔ ራሴ በየብስ ስሠራ ሰው የማውረድ ግዴታ ገጥሞኝ ስለማያውቅ ክብደቱን አሳንሼ አይቼው ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት በአሸዋ የተሞላ፣ የአዋቂ ሰው ክብደት ያለው ዱሚ (በሰው ፈንታ የሚያገለግል ጆንያ) ሃርነስ አስታጥቀን ከታንከሩ ጠርዝ በታች አንጠለጠልነው። ታሪኩ፦ ጓደኛችሁ ወድቋል፣ የመውደቂያ መቀበያው ይዞታል፣ ራሱን ስቷል። በሃርነስ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ በእግሮቹ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ወደ ልብና ወደ አንጎል የሚመለሰው ይቀንሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አዳኝ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ሁኔታ አይደለም። የባሕር ላይ ማማ ላይ ሦስት ሰዎች ካሉና አንዱ ከተንጠለጠለ፣ አዳኞቹ የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ቡድኑን የመራችው ከኤሌክትሪክ ሠልጣኞቹ አንዷ፣ በመውጣትና በመውረድ ከሁሉም የተሻለችው ነበረች። የማውረጃ መሣሪያውን ገመድ በተቃራኒ አቅጣጫ አስገባችው። ክብደቱን ለመቀበል ስትሞክር መሣሪያው አልያዘም፤ ተጠባባቂው ገመድ ባይኖር ዱሚው ወደ መሬት ይሄድ ነበር። ስሕተቷን አወቀች፣ ነገር ግን እጇ ቆመ። ጓደኛዋ ሊረዳት ሲሞክር ሁለቱ አንዱን ካራቢነር (ገመድ የሚያያዝበት የብረት ማያያዣ) በአንድ ጊዜ ያዙት፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ግልጽ አልሆነም። ዱሚው መሬት የነካው ልምምዱ ከተጀመረ ከ31 ደቂቃ በኋላ ነው። ከማማው ስትወርድ አላለቀሰችም፤ ግን ሃርነሷን ሳትፈታ መሬት ላይ ተቀመጠችና “መምህር፣ ጆንያ ባይሆን ኖሮስ?” አለችኝ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኳት። “አንድ ቀን ሰጥቼሽ የዓመት ሥራ ጠየቅሁሽ።” ይህን ለማጽናናት ብቻ አላልኩትም። ሰው በድንጋጤ ውስጥ የሚያደርገው እጁ የለመደውን ነው፤ እጅ የሚለምደው በመደጋገም ነው፤ እኔ ደግሞ መደጋገሚያውን ለንድፈ ሐሳብ ሰጥቼው ነበር። በማግሥቱ ከቀረው የኤሌክትሪክ ክፍል ትምህርት ስምንት ቀናት ወስደን ለማዳን ልምምድ አዋልነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በመሪነት፣ በረዳትነትና በታች ተቀባይነት ተፈራረቀ። መሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያደርገውን እንዲናገር፣ ረዳቱም ሳይታዘዝ ካራቢነር እንዳይነካ ደነገግን። ገመዱን ማንም ከመጫኑ በፊት በእጁ ጎትቶ መያዙን ያረጋግጣል። ከስምንቱ ቀናት በኋላ ሁሉም ቡድኖች ከ10 ደቂቃ በታች ማውረድ ቻሉ፤ ያች ሠልጣኝ የመራችው ቡድን በ7 ደቂቃ አወረደ። የተቀነሰውን የኤሌክትሪክ ንድፈ ሐሳብ በማታ አካካስነው፤ ሁሉንም ግን አላዳረስንም፣ የኮንቨርተር (የኤሌክትሪክ ኃይል መቀየሪያ) ትምህርታችን ደካማ ሆኖ ቀርቷል።

ውሃውን በተመለከተ የሞከርነው ጥቂት ነው። ከዘጠኙ መዋኘት የሚችሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ያደገው በባሕር ዳር ጣና ዳር፣ ሌላው በአርባ ምንጭ ነው። በቢሾፍቱ አንድ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ለሦስት ቀናት ተከራይተን የሕይወት ማዳኛ ጃኬት መልበስን፣ በጀርባ መንሳፈፍን፣ ተያይዞ መቆየትን አለማመድናቸው። ፍርሃታቸው በጣም ቀንሷል። ነገር ግን ገንዳው ሞቃት ነበር፣ ማዕበልም የለውም። እኔ በወሰድኩት ሥልጠና ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ስገባ ትንፋሼ ያለፈቃዴ ተቆራርጦ፣ ለመጮኽ እንኳ አልቻልኩም ነበር። አሠልጣኞች ለማስታወስ እንዲመች “አንድ፣ አሥር፣ አንድ” ይላሉ፦ ትንፋሽን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፣ ጣቶች ከመደንዘዛቸው በፊት ለመሥራት አሥር ደቂቃ፣ ራስን እስከ መሳት ድረስ አንድ ሰዓት ያህል። ይህን የቢሾፍቱ ገንዳ አያስተምርም። ባሕር የሌላት አገራችን በዚያችው ከተማ፣ በባቦጋያ፣ የመርከብ መሐንዲሶችን ስታሠለጥን ቆይታለች፤ እነርሱም ቢሆኑ ሙያው የሚጠናቀቅላቸው በእውነተኛ መርከብ ላይ ሲሳፈሩ ነው። ለእኛም ይህ ትክክለኛ አካሄድ ይመስለኛል፦ የማማውን ሥራ እዚህ፣ የባሕሩን ክፍል ባሕር ካለበት።

በመጨረሻው ሳምንት ከወርክሾፑ ባለድርሻ ወንድሜ ጋር በምስክር ወረቀቱ ቃል አልተስማማንም። “ባሕር” የሚለው ቃል ካልተጻፈ ተመዝጋቢ አናገኝም ባይ ነበር፤ የቤት ኪራዩንም የሚከፍለው እርሱ ስለሆነ ሐሳቡን በቀላሉ ልገፋው አልቻልኩም። “ያንተ ሥልጠና ከዚያ ሰውዬ ሥልጠና ይሻላል፤ ታዲያ ብንጽፈው ምን ነውር አለው?” አለኝ። እኔ ግን ዘጠኙ ወደ እኛ የመጡት በዚያ ቃል ተታልለው መሆኑን ልረሳ አልቻልኩም፤ የእናቷን ሐብል የሸጠችው ልጅ ፊት ለፊት ቆሜ ያንኑ ቃል የያዘ ወረቀት ልሰጣት አልችልም ነበር። በመጨረሻ የተስማማንበት ወረቀት የተለማመዱትን ሥራ በስምና በሰዓት ይዘረዝራል፤ ከግርጌውም የባሕር ላይ ሕይወት የማትረፍ ሥልጠና እንዳልተሰጠና ወረቀቱ የዓለም አቀፉን ማኅበር ምስክር እንደማይተካ በግልጽ ይናገራል። የወንድሜ ሥጋትም እውነት ሆነ፤ ለሁለተኛው ዙር የተመዘገቡት ስድስት ብቻ ናቸው።

ከዘጠኙ አንዱ በአምስተኛው ሳምንት ሥራ አግኝቶ አቋርጧል። ሦስቱ በቴሌኮም ማማ ጥገና፣ ሁለቱ በየብስ የነፋስ ማመንጫ ላይ በኮንትራክተር ሥር፣ አንዱ በሕንፃ ሊፍት ጥገና ተቀጥረዋል፤ የሊፍቱ ቀጣሪ ከወረቀቱ ላይ ደጋግሞ የጠየቀው የማዳን ልምምዱን ሰዓት ነው። ከሃይድሮሊክ ሠልጣኞቹ አንዱ ወደ ቃሊቲ ጋራዡ ተመልሶ፣ ከእርሱ ጋር የሚሠሩት ልጆች ግፊት ሳይለቁ ቱቦ እንዳይፈቱ ከልክሏል። ባሕር ላይ የደረሰ እስካሁን የለም። ያን ቀን ቡድኑን የመራችው ልጅ ግን በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕታውን በሚገኘው የታዳሽ ኃይል ማሠልጠኛ ማዕከል የማኅበሩን ሥልጠና ለመውሰድ ገንዘብ እያጠራቀመች ነው፤ እስከዚያው በእኛ ዘንድ በረዳት አሠልጣኝነት ትሠራለች።

የሁለተኛውን ዙር መርሐ ግብር ያወጣችው እርሷ ናት። ስድስቱ ሠልጣኞች በመጀመሪያው ጠዋት ደብተር ይዘው ሲመጡ ክፍሉ ተቆልፎ ነበር፤ በፒክአፑ ወደ ፋብሪካው ግቢ ሲደርሱ ዱሚው ከታንከሩ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እርሷም ከሥሩ ሰዓቷን ይዛ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር።